ግማሹ ጥቁር የሚወጣው ዜኒት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ባህር ዳር ላይ አንድ አሮጌ ዜኒት-ኢ የፊልም ካሜራ ገዝቼ ጥምቀትን አነሳሁበት። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ማለዳ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አንደኛው ጎናቸው ጥቁር ነው። ቀትር ላይ ታቦቱ ሲመለስ ያነሳኋቸው ግን ደህና ናቸው። ነጭ ነጠብጣብም አለ፤ ሁሌም እዚያው ቦታ። ጓደኛዬ «ሞላው ላልቷል፣ አጥብቀው» ይለኛል። ላጥብቀው?

መልስ፦ ኧረ ተው፣ ለጊዜው ሞላውን አትንካ! መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ማለዳ ይበላሻል፣ ቀትር ላይ ይድናል። የማርቆስን የጥር ብርድ ላንተ አልነግርህም፤ ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ዜኒት-ኢ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ ከ1965 ጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተሠራ ካሜራ ነው፤ ውስጡ ያለው ግራሶ ካረጀ ቆይቷል። ሲበርደው ይወፍርና ሻተሩን፣ ማለት ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውንና የሚዘጋውን ክፍል፣ ይይዘዋል።

ሻተሩ ሁለት የጨርቅ መጋረጃ ነው። አንደኛው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። በ1/500 ሰከንድ ስታነሳ ሁለቱ በጠባብ ክፍተት እየተከታተሉ ነው የሚሮጡት፤ እና የፊተኛው ትንሽ ከዘገየ የኋለኛው ይደርስበትና ክፍተቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ፊልም ብርሃን ሳያይ ይቀራል። ጥቁሩ ጎን እሱ ነው። በ1/30 ግን መስኮቱ በሙሉ ስለሚከፈት ችግሩ ብዙም አይታይም። በነገራችን ላይ ፍላሽ ተጠቅመህ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው፤ ይሄ ካሜራ ፍላሽ የሚቀበለው እስከ 1/30 ብቻ ነው፣ ከዚያ ካለፍክ ጤነኛውም ግማሹን ያጠቁረዋል።

መጀመሪያ አረጋግጥ። ፊልም ሳይኖርበት ሌንሱን ፍታ፣ የኋላውን ክፈት፣ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙርና በ1/500 ተኩስ። በስልክህ ስሎው ሞሽን ቅረጸው። ማለዳም ቀትርም ሞክረው። ፍጥነቱን የምትቀይረው ሻተሩን ካጠነጠንክ በኋላ ይሁን። መጋረጃውን በጣትህ እንዳትነካው።

ከዚያ ማጽዳት። የበር ማጠፊያ ላይ የሚነፋውን ዘይት እንዳትነፋበት አደራ፤ ለአንድ ሳምንት ይሠራልህና ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ይበልጥ ይጣበቃል። የታችኛውን ክዳን ፍታና ለላይተር የሚሞላውን ፈሳሽ ቤንዚን በመርፌ ጫፍ እየነከርክ የመጋረጃዎቹ ዘንጎች ጫፍ ላይ ብቻ ጠብ አድርግ። ጨርቁን እንዳይነካው፣ የተለበጠበትን ላስቲክ ይበላዋል። መስኮት ክፈት፤ ቡና እየተፈላ ከሰል አጠገብ ደግሞ አይሞከርም። እየተኮስክ አፍታታው፣ ሲደርቅ የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ እሱም ለስሙ ያህል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከዘገየ ያኔ የጓደኛህን ምክር እንሰማለን። መጋረጃዎቹን የሚጎትቱትን ሞላዎች የሚያስተካክሉት ዘንጎች እዚያው ታች ናቸው፣ እያንዳንዱን አንድ ትንሽ ብሎን ቆልፎ ይዞታል። ብሎኑን ከማላላትህ በፊት ዘንጉን በሌላ ካቻቢቴ አጥብቀህ ያዝ፤ ካልያዝከው ሞላው በአንድ ጊዜ ተርትሮ ይለቅና መመለሻው ይጠፋሃል። ሩብ ዙር አዙር፣ ቆልፍ፣ ፈትሽ። ቆሻሻ የያዘውን መጋረጃ በሞላ ጉልበት ማስሮጥ ጨርቁን ከነማሰሪያው ይጎትተዋል፣ ለዚያ ነው መጀመሪያ አይሆንም ያልኩህ። እጅህን ካላመንከው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ውሰደው፤ ወረንጦውም ትዕግሥቱም እነሱ ጋ ነው።

ነጠብጣቡ መጋረጃው ላይ ያለ ቀዳዳ ይመስለኛል። ማታ መብራት አጥፋ፣ መስተዋቱን በክብሪት እንጨት ጠርዙ ላይ ቀስ ብለህ ከፍ አድርግና ከፊት የስልክህን መብራት አብራ፤ ከኋላ ስታይ እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ካለ እሱ ነው። አጠንጥነህም ሳታጠነጥንም እይ። ሲደርቅ የሚለመጥ ጥቁር የጨርቅ ቀለም በስሱ ቀባው። የጥፍር ቀለም የሚሉህን አትስማ፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጨርቁ ራሱ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ግን ቀለም አያድነውም፤ መጋረጃ ከማስቀየር ሌላ ዜኒት ፈልጎ መግዛት ይቀላል። ሌንሱን ግን እንዳትሸጥ፣ ሄሊዮስ-44 ከሆነ ጥሩ ሌንስ ነው፤ በጥርስ የሚገባ ስለሆነ ጥርሱ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ዜኒት ላይም ይገጥምልሃል።