«መቀመጫውን ዝቅ ካደረግከው ይሆንሃል» ለተባልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ቁመትህ 1 ሜትር ከ70 ነው። ሥራ ለመመላለስ ርካሽ የመንገድ ብስክሌት ትፈልጋለህ። ያገለገለ 58 ቁጥር አግኝተሃል። ሻጩ «ትንሽ ይተልቅብሃል፤ ግን መቀመጫውን ዝቅ ካደረግከው ይሆንሃል» ብሎሃል። ልግዛው ወይ ነው የምትለው።

አትግዛው። ገና ካልከፈልክ እግዜር ይመስገን በል።

እኔ 1 ሜትር ከ71 ነኝ። የገዛሁትም 58 ነበር። የተባልኩትም ያንኑ ቃል በቃል ነው። ስለ መብራት፣ ስለ ሄልሜትና ስለ ቁልፍ ሌሎች ጽፈውልሃል፤ አልደግመውም። እኔ የከሰርኩበትን ልንገርህ።

1. መጠን። 58 የሚባለው መቀመጫው የሚሰካበት ቱቦ ርዝመት ነው፤ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሀል እስከ ጫፉ በሴንቲ ሜትር ሲለካ። መቀመጫ ዝቅ ስታደርግ የሚስተካከለው ከፍታው ብቻ ነው። ከመቀመጫው እስከ መሪው ያለው ርቀት እምብዛም አይቀንስም። ፍሬሙ ሲተልቅ ደግሞ ያ ርቀት አብሮ ይረዝማል። ሻጮች ይህቺን ነው የሚዘሏት።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ብሎኝ አለፈ። ብስክሌቱ ያምራል፣ ይፈጥናል፣ በአንድ እጅ ይነሳል። በሁለተኛው ሳምንት የግራ እጄ ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው መደንዘዝ ጀመሩ። ወር ሲሞላው ቢሮ ገብቼ እስክሪብቶ ለመያዝ መጀመሪያ እጄን ማሸት ነበረብኝ። ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወደ እነዚያ ሁለት ጣቶች የሚሄደው ነርቭ መዳፌ ላይ እየተጫነ እንደሆነ ነገረኝ፤ ብስክሌት ነጂዎች ላይ የታወቀ ችግር ነው አለ። ነገሩ ግልጽ ነበር። መሪው ስለራቀኝ ተንጠራርቼ ነው የምነዳው። ክብደቴ እጄ ላይ ያርፋል። አንገቴም ቀና ብሎ መንገድ ለማየት ሲታገል ይውላል።

ያኔ ወዲያው ሸጬው ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ትንሽ ነበር። እኔ ግን ላስተካክለው አልኩ። መሪውን የሚይዘውን ክንድ ከ110 ሚሊ ሜትር ወደ 70 አሳጠርኩት። ቀረበኝ፤ ግን መሪው ቁጡ ሆነ፤ ትንሽ ስነካው ጥምዝ ይላል። መቀመጫውን ወደ ፊት ገፋሁት፤ ጉልበቴ ታመመ። ቀረብ የሚል ሌላ መሪ ገዛሁ። እሱም አልረዳኝም። የዕቃውንና የሠራተኛውን ስደምረው ብስክሌቱን የገዛሁበትን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሱቁም ተመልሼ ሄጃለሁ። የሸጠልኝ ሰውዬ ከወንበሩ አልተነሳም። «ሰውነትህ ስላልለመደ ነው» አለኝ። «በትንሽ ቁጥር ለውጥልኝ፣ ልዩነቱን እከፍላለሁ» አልኩት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ። ስገዛ ቁመቴን አልጠየቀኝም። እግሬን አልለካም። መጋዘኑ ውስጥ የቀረው 58 ብቻ ስለነበር እኔም 58 ሆንኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። መጨረሻ ላይ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ለማን ሸጥክ ካልከኝ፣ 1 ሜትር ከ85 ለሆነ ሰው ነው። በትክክል ሆነለት።

አሁን አንተ እንዲህ አድርግ። ጫማህን አውልቅ፣ ጀርባህን ከግድግዳ አስጠጋ። ወፈር ያለ መጽሐፍ በእግሮችህ መሀል አስገብተህ፣ መቀመጫ ላይ እንደተቀመጥክ ያህል ጠበቅ አድርገህ ወደ ላይ ሳበው። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ለካ። ያንን በ0.67 አባዛው። የእኔ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 53.6 ይመጣል። በ1 ሜትር ከ70 አካባቢ ላለ ሰው ብዙ አምራቾች የሚሰጡትም ከ52 እስከ 54 ባለው ውስጥ ነው። ይህ ስሌት ግን የላይኛው ቱቦ አግድም ለሆነበት የድሮ ዓይነት ፍሬም ነው። ቱቦው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ቁጥሩን አትመን፤ የአምራቹን ሰንጠረዥ ፈልገህ እስከ መሪው ያለውን ርዝመት እይ።

2. ጎማ። ይህንንም ከዚያው ብስክሌት ነው የተማርኩት። ፍሬሙ የውድድር ስለነበር ከ25 ሚሊ ሜትር የሰፋ ጎማ አይገባበትም። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር አከርካሪዬ ድረስ ይሰማኛል። የውስጥ ጎማዬም በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መሀል እየተቆነጠጠ ይበሳል። ለሥራ መመላለሻ 28 ይግባ፤ 32 ከገባ እሰየው። ፓራፋንጎ ስታስርበትም ክፍተት መትረፍ አለበት።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብ። «28-622» ካለ ስፋቱ 28፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው። 700ሲ የሚባለው እሱ ነው፤ ጎማው በቀላሉ ይገኛል። 630 ካለ የድሮው 27 ኢንች ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። ርካሽ ነው ብለህ ብትገዛው ጎማ ፍለጋ ትንከራተታለህ።

3. የኋላው ጎማ መሀል አጠገብ፣ ፍሬሙ ላይ፣ ብሎን የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ? ዕቃ መጫኛና ፓራፋንጎ የሚታሰረው እዚያ ነው። የእኔ አልነበረውም። ላፕቶፕ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ሸሚዜ ከላብ የተነሳ ተጣብቆ ነበር ቢሮ የምገባው።

ማርሽ ብዙም አያስጨንቅህ። የሺማኖ ኩባንያ ክላሪስ የሚባለው ማርሽ ከኋላ ባለ 8 ነው፣ ሶራ የሚባለው ባለ 9 ነው፤ ሁለቱም ለሥራ መንገድ ከበቂ በላይ ናቸው። የ8 ማርሽ ካቴና ሲያልቅ ለመቀየርም ርካሽ ነው። ባለ 12 የሚል ማስታወቂያ አያታልልህ።

ሁለተኛውን ብስክሌቴን ስገዛ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነው የሄድኩት። ያገለገለ፣ 54 ቁጥር፣ ፍሬሙ ብረት ነው። ሻጩ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ አንድ በአንድ አየሁት። የመቀመጫውን ብሎን ፈትቼ ዘንጉን አዟዟርኩት፤ አልሙኒየም ዘንግ ብረት ፍሬም ውስጥ ዝጎ ከተጣበቀ ማውጣቱ ፍዳ ነው። የፊት ፍሬን ይዤ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋሁት፤ መሪው ስር «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ወደታች የሚወርደውን ቱቦ፣ መሪው አጠገብ ያለውን ስሩን፣ በጣቴ ዳሰስኩት። ቀለሙ እዚያ ተሸብሽቦ ከሆነ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ስለነበረው የቸርኬውን ጎን ነካሁ፤ ጎድጎድ ካለ ፍሬኑ በልቶታል፣ መቀየር አለበት።

ካቴናውን ደግሞ በማስመሪያ ለካሁ። አሥራ ሁለት ጥንድ አይኖች አዲስ ሲሆኑ 304.8 ሚሊ ሜትር ናቸው። 306.4 ከደረሰ ካቴናው ይቀየራል። ወደ 308 ከተጠጋ ጥርሶቹንም ይዞ ይሄዳል። የዚያኛው 307 ላይ ነበር። ሻጩን አሳየሁትና የካቴናውንና የኋላ ጥርሱን ዋጋ ቀነሰልኝ። በጣም ነው የኮራሁት።

ይኸው አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ነው። 32 ጎማ፣ ፓራፋንጎ፣ ከኋላ ቦርሳ። ክብደቱ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ግን እጄ ደንዝዞ አያውቅም።

ያገለገለ ካርቦን በርካሽ ካገኘህም ተወው። ውስጡ የተሰነጠቀውን እኔና አንተ በዓይናችን ለይተን አናውቀውም።

ዛሬ ማታ እግርህን ለካና ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ። ሌላ ያየኸው ብስክሌት ካለም የጎማውን ጽሑፍና የመሪውን ስር ፎቶ አንስተህ ለጥፍ። ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።