መሬቱ ራሱ ሲዞር የነፋስ አቅጣጫ እንዴት ይለካል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰሜን ዋልታ ላይ ተመራማሪዎች ባሕሩ ላይ በረጋው በረዶ ቆመው ነፋስ ይለካሉ ሲባል ሰማሁ። የእኛ ከተማ መለኪያ የቆመው ሲሚንቶ ላይ ነው። እነሱ ምን ላይ ይተክሉታል? ብርዱስ መሣሪያውን አያበላሸውም?

መልስ፦ ሰላም እህታችን! ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ብርዱ ነው፤ አንቺ ግን ሲሚንቶውን አነሳሽ፣ ዋናው ጣጣም እሱ ነው።

ብርዱን ቶሎ እንገላገለው። ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ አካባቢ ይጠጥራል፣ ስለዚህ እዚያ አይሆንም። የምትሽከረከረዋ ባለ ኩባያ መለኪያም አመዳይ ከያዛት ቀጥ ትላለች፤ ነፋሱ እያፏጨ እሷ ዜሮ ትመዘግባለች። (ጮቄ ተራራ ሥር ያደገ ሰው አመዳይን አይነግሩትም።) ስለዚህ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለውን በድምፅ የሚሠራ መለኪያ ይመርጣሉ። በትናንሽ ክንዶቹ መካከል ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከነፋሱ ጋር ሲሄድ ቶሎ፣ ሲቃወመው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከልዩነቱ ፍጥነቱ ይሰላል። ክንዶቹንም አመዳይ እንዳይዛቸው በኤሌክትሪክ ያሞቋቸዋል። በክረምታቸው ደግሞ ፀሐይ ስለማትወጣ ሶላር ብሎ ነገር የለም።

አሁን ወደ ሲሚንቶሽ። ምሰሶውን በረዶው ላይ አቁመው ዙሪያውን በገመድ ይወጥሩታል። በረዶው ግን ተንሳፋፊ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ቦታ ሁለት ሜትር አይሞላም፣ ከሥሩ ጥልቅ ባሕር ነው። ነፋሱ ሲነዳው በግምት የነፋሱን ፍጥነት 2 በመቶ ይዞ ይሄዳል። በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ከነፈሰ፣ መሣሪያሽ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ታገኝዋለሽ። ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን በ1893 ፍራም የተባለችውን መርከቡን ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ አስይዞ ሲንሳፈፍ፣ በረዶው ከነፋሱ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል አስተዋለ፤ ምክንያቱ የምድር መሽከርከር ነው።

መሄዱስ ይሁን፣ ጉዱ መዞሩ ነው! ሰሜንን እንዲያይ የተተከለ መሣሪያ ከጊዜ በኋላ ምሥራቅን ሲያይ ይገኛል፤ ነፋሱ ሳይቀየር ንባቡ ይቀየራል። ኮምፓስ እንዳትይ፣ መግነጢሳዊው ዋልታ ቅርብ ስለሆነ እዚያ አይታመንም። መላው ሁለት የጂፒኤስ አንቴና አራርቆ መትከል ነው። ከሁለቱ በረዶው ስንት ዲግሪ እንደዞረ ይታወቅና ንባቡ በዚያ ይታረማል።

የጀርመኗ የምርምር መርከብ ፖላርስተርንም በ2019 እንደ ፍራም በረዶ ተይዛ ለወራት ተንሳፍፋለች። ያኔ በረዶው ሲሰነጠቅ መሣሪያ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል የተለመደ ሥራ ነበር፣ ያውም ለድብ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ቆሞ።