መሲሑ መልአክ ነውን? የጥያቄና መልስ ውይይት

ስለ ክርስቶስና ስለ መላእክት የምትጠይቁትን ሁሉ እንድመልስ በጠየቃችሁኝ መሠረት፣ ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው ይዣቸዋለሁ። አቋሜን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ክርስቶስ ፍጡር አይደለም ብዬ አምናለሁ። የሌላውን ወገን ክርክር ግን ሳላጣምም አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ ኢየሱስ መልአክ ነው ወይስ አይደለም? በአጭሩ።

በባሕርዩ አይደለም። በተልእኮው ግን መጽሐፍ ራሱ «መልአክ» ብሎታል። ክርክሩ የሚወሳሰበው እነዚህን ሁለቱን ሳንለይ ስንቀር ነው። መልአክ የሚለው ቃል «ላከ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው፤ የተላከ ማለት ነው። ሚልክያስ 3፥1ን ክፈቱ። መጀመሪያ ላይ «መልእክተኛዬን» ይላል፤ እዚያው ቁጥር ላይ ዝቅ ብሎ «የቃል ኪዳን መልአክ» ይላል። በዕብራይስጡ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። የመጀመሪያው መጥምቁ ዮሐንስ መሆኑን ወንጌል ይነግረናል፤ ዮሐንስን መንፈሳዊ ፍጡር ነበር የሚል የለም። ሉቃስ 7፥24 ላይ ዮሐንስ የላካቸው ሰዎችም በግሪኩ በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የተረጎሙት ሰብዓ ሊቃናት ደግሞ ኢሳይያስ 9፥6ን ሲተረጉሙ የሚወለደውን ሕፃን «የታላቅ ምክር መልአክ» ብለውታል። ስለዚህ «መልአክ ተብሏል» የሚል ሰው ትክክል ነው፤ «ስለዚህ ፍጡር ነው» ሲል ግን ቃሉ ያልያዘውን ጨመረበት።

ጥያቄ፦ የይሖዋ ምሥክሮች ሚካኤል ኢየሱስ ነው ይላሉ። አድቬንቲስቶችም እንደዚያ ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ እባካችሁ አንድ ላይ አትፈርጇቸው። የይሖዋ ምሥክሮች ሚካኤል ከሁሉ በፊት የተፈጠረው ልጅ ነው፣ ሰው ሆኖ የመጣውም እርሱ ነው ይላሉ። አድቬንቲስቶች ሚካኤል የክርስቶስ መጠሪያ ነው ቢሉም ክርስቶስን ያልተፈጠረ አምላክ አድርገው ነው የሚያምኑት፤ ሥላሴንም ይቀበላሉ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ካልቪንም በዳንኤል 12 ላይ የተጠራውን ሚካኤል ስለ ክርስቶስ እንደተነገረ ተረድቶታል። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ዳንኤል 10፥13 ሚካኤልን «ከዋነኞቹ አለቆች አንዱ» ይለዋልና። ወልድ ከእነርሱ እንደ አንዱ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥16 ጌታ «በመላእክት አለቃ ድምፅ» ይወርዳል ሲልስ?

የይሖዋ ምሥክሮች ከሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች ጠንካራው ይህ ነው። የመላእክት አለቃ ተብሎ በስሙ የተጠራው በይሁዳ ቁጥር 9 ላይ ያለው ሚካኤል ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ያገናኛሉ። ነገር ግን ጥቅሱ ወዲያው «በእግዚአብሔርም መለከት» ይላል። ድምፁ የመላእክት አለቃ ካደረገው መለከቱ ደግሞ እግዚአብሔር ሊያደርገው ነው፤ ያንን ግን አይቀበሉም። ድምፁም መለከቱም መምጣቱን የሚያጅቡ ናቸው። ያችው የይሁዳ ጥቅስ ደግሞ ሚካኤል ዲያብሎስን ሊፈርድበት አልደፈረም፣ «ጌታ ይገሥጽህ» አለው ትላለች። ጌታችን ግን በምድረ በዳ በገዛ ሥልጣኑ «ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» ብሎታል።

ጥያቄ፦ በቁጥቋጦው ውስጥ ለሙሴ የታየው «የእግዚአብሔር መልአክ» ማነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ዘፀአት 3፥2 «መልአክ ታየው» ይላል፤ ሁለት ቁጥር ወረድ ስትሉ የሚጠራው እግዚአብሔር ነው፤ ቁጥር 6 ላይ «እኔ የአባትህ አምላክ» ይላል። ዘፍጥረት 22 ላይም መልአኩ በራሱ ይምላል። መሳፍንት 13 ላይ ማኑሄ ስሙን ሲጠይቀው ስሜ ድንቅ ነው ይለዋል፤ ኢሳይያስ 9 ላይ ስለሚወለደው ሕፃን የተነገረው ስም ያስታውሰናል። ዘካርያስ 1፥12 ላይ ግን ያው መልአክ ወደ እግዚአብሔር ይለምናል። እግዚአብሔር የሚባል፣ እግዚአብሔርንም የሚለምን!

በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ይህ የታየው ሥጋ ከመልበሱ በፊት ወልድ ነው ሲል ተከራክሯል፤ መልአክ የተባለውም የአብን ነገር ስለሚያበስር ነው አለ። የላቲን ቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ በኋላ ጠንቀቅ አለ፤ የታዩት የተፈጠሩ መላእክት ናቸው፣ እግዚአብሔር በእነርሱ ተናገረ ወደሚለው አዘነበለ። እኔ ወደ ዮስጢኖስ አደላለሁ። ሆኖም አውግስጢኖስን የተከተለ ወንድም ስለ ክርስቶስ አምላክነት አንዳች አላጎደለም።

ጥያቄ፦ ዕብራውያን 1፥4 በግሪኩ «ከመላእክት የሚበልጥ ሆነ» ይላል አሉ። ከሆነ ድሮ አይበልጥም ነበር ማለት ነዋ?

ግሡ «ሆነ» የሚል መሆኑ እውነት ነው። ግን ከፊቱ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ኃጢአታችንን ካነጻ በኋላ በግርማው ቀኝ ተቀመጠ ይላል። የተነገረው ሰው ሆኖ ዝቅ ስላለውና ከሞት በኋላ ስለከበረው ነው። ከዚያም በላይ ቁጥር 2 ዓለማት በእርሱ ተፈጠሩ ብሏል። ቆላስይስ 1፥16 ደግሞ የማይታዩትንም፣ ዙፋናትንና ሥልጣናትን ሁሉ ይጨምራል። መላእክትን የፈጠረ ከመላእክት አንዱ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄ፦ «ከመላእክት በጥቂት አሳነስኸው» የሚለውስ?

መልሱ እዚያው ዕብራውያን 2፥9 ላይ ነው፤ ያነሰው ሞትን ይቀምስ ዘንድ ነው። መልአክ አይሞትም፤ ሥጋና ደም የለውም። ቁጥር 16ም የያዘው የአብርሃምን ዘር እንጂ የመላእክትን አይደለም ይላል።

ጥያቄ፦ አርዮስ ክርስቶስን መልአክ ነው ብሏል?

ክርክሩ ያተኮረው መልአክ በሚለው ስም ላይ አልነበረም። የእስክንድርያ ቄስ የነበረው አርዮስ ወልድ ተፈጥሯል፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር አለ። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው መለሱ። «ፍጡር» ካልን በኋላ የመላእክት አለቃ ብንለውም ሌላ ስም ብናወጣለትም ለውጡ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ስግደት ለንጉሥም ይሰገዳል። ለኢየሱስ መሰገዱ እንዴት የአምላክነቱ ማስረጃ ይሆናል?

ልክ ነሽ እህቴ፤ የግሪኩ ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ትዕይንቶችን ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ። ራእይ 22፥8-9 ላይ ዮሐንስ በመልአኩ እግር ሥር ይወድቃል፤ መልአኩ ወዲያው ይከለክለዋል፣ ከአንተ ጋር ባሪያ ነኝ፣ ለእግዚአብሔር ስገድ ይለዋል። ዮሐንስ 20፥28 ላይ ቶማስ ኢየሱስን «ጌታዬ አምላኬም» ይለዋል፤ ኢየሱስ አልከለከለውም። ራእይ 5፥13 ላይ ደግሞ በሰማይና በምድር ያለ ፍጥረት ሁሉ በዙፋኑ ለተቀመጠውና ለበጉ፣ ማለትም ለክርስቶስ፣ አንድ ምስጋና ያቀርባል። በጉ ከሚያመሰግኑት ጋር አልተቆጠረም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እህቷ በዚህ ጉዳይ ተጣልተው መነጋገር አቁመዋል። ምን ላድርግ?

በጣም አዝናለሁ ወንድሜ። መናፍቅ መባባሉ ይቅር። ሁለቱን አስቀምጠህ ዕብራውያን 1ንና 2ን አንዳቸው ለሌላው ጮክ ብለው እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ መሀል ላይ ማንም አያቋርጥ። ከዚያ የምዕራፍ 1ን ቁጥር 5 ለብቻው አውጡት፦ «አንተ ልጄ ነህ» የተባለው ከመላእክት ለማን ነው? እህቷ መልሷን በራሷ ቃል ትናገር፤ ባለቤትህም ሳትመልስ ትስማት።