ዋይልድላንድስ፦ ከጓደኛ ጋር ከሆነ አዎ

«ጎስት ሪኮን ዋይልድላንድስን አሁን መግዛት ያዋጣል ወይ?» ላልከው፣ አብሮህ የሚጫወት ሰው ካለህ ሳታመነታ ግዛው። ይህ የተኩስ ቪዲዮ ጌም የወጣው በ2017 ቢሆንም እስከ አራት ሰው ሆኖ ለመጫወት እስካሁን በጣም የምወደው ነው።

ትልቁ ጥንካሬው ነፃነቱ ነው። ካርታው በቦሊቪያ አምሳል የተሠራ ነው፤ ጫካው፣ ተራራው፣ ነጩ የጨው ሜዳ እያንዳንዱ የራሱ ስሜት አለው። የሳንታ ብላንካ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ካምፕ ጋ ስትደርሱ አንዱ ድሮን አስነስቶ ጠባቂዎቹን ምልክት ያደርጋል፣ ሌላው ኮረብታው ላይ ስናይፐሩን ይዞ ይተኛል፣ ሁለታችሁ በአጥሩ ጥግ ትጠጋላችሁ፤ ከዚያ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ተባብላችሁ አራት ጠባቂዎች በአንዴ ሲወድቁና ማንቂያው ሳይጮህ ሲቀር፣ እመነኝ፣ ደስታው ሌላ ነው።

ድክመቱ መደጋገሙ ነው። ክልል በቀየርክ ቁጥር ያው ሰው ማፈን፣ ያው መረጃ መስረቅ፣ ያው ኮንቮይ (የመኪና አጀብ) ማስቆም ይጠብቅሃል። መኪናው ሲነዳ መሬት የያዘ አይመስልም፣ እኔ ሄሊኮፕተር እመርጣለሁ። ዩኒዳድ የሚባለው ጦር ደግሞ አንዴ ከነቃባችሁ ማጠናከሪያው ማለቂያ የለውም፣ ከመዋጋት መሸሽ ይሻላል።

ብቻህን ከሆንክ ሦስት በኤአይ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ፣ የሚንቀሳቀሱ ጓዶች አሉህ። አብረውህ ዒላማ ይመታሉ፣ ግን ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አይተኩም። እንደዚያ ከሆነ ቅናሽ ጠብቅ። ስትጀምር ደግሞ ከስክሪኑ ላይ ትንሿን ካርታ አጥፋት፤ ዓይንህ አካባቢውን ማየት ይጀምራል።