የብሎንዲ ዘፈን ሸክላው ላይ ለምን አጠረ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ እንዴት ናችሁ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የእዛውን አገር ባንድ የብሎንዲን «ፓራለል ላይንስ» አልበም አሮጌ ሸክላ ይዞልኝ መጣ፣ ደስታዬን አልነግራችሁም፣ ግን «ሀርት ኦፍ ግላስ» የሚለው ዘፈን ስልኬ ላይ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ሸክላው ላይ ግን አራት እንኳን አይሞላም። ፎርጅድ ነው እንዴ? ደግሞ አጎቴ «ሮክ ነበሩ፣ ለብር ብለው ዲስኮ ገቡ» ይላል፣ እውነቱን ነው?
ሸክላ ወዳዱ፣ ከሃያ ሁለት

መልስ፦ ኧረ ምን ፎርጅድ፣ እንደውም ታድለሃል! አልበሙ በፈረንጆቹ 1978 ሲወጣ ዘፈኑ 3፡54 ነበር። በ1979 በነጠላ ወጥቶ እንግሊዝም አሜሪካም አንደኛ ሲሆን ለዳንስ ቤት የተሰራውን የ5፡50ውን ቅጂ በኋላ የታተሙት ሸክላዎች ላይ ተኩት፣ ስለዚህ ያንተ አሮጌ ህትመት ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ነው ማለት ነው። አደራ እንዳትሸጠው።

የአጎትህ ነገር ግን ትንሽ ያከራክረናል። ዘፈኑ እኮ የ1978 አይደለም፣ በ1975 «ዋንስ አይ ሃድ ኤ ላቭ» በሚል ስም ቀስ ያለ ፈንክ ሆኖ በዴሞ፣ ማለት ለሙከራ፣ ተቀርጿል፣ የባንዱ ልጆች ራሳቸው «የዲስኮው ዘፈን» ነበር የሚሉት፣ ያኔ ደግሞ ኒውዮርክ ሲቢጂቢ የሚባል የፓንክ (ጮክ ያለ ሻካራ ሮክ) ቤት ውስጥ ነው የሚጫወቱት፣ የምን ብር! እዛው ቤት የዲስኮ ዘፋኟን የዶና ሰመርን «አይ ፊል ላቭ» ሳይቀር ተጫውተዋል። ፕሮዲውሰሩ ማይክ ቻፕማን ሌላ ምን አላችሁ ሲላቸው ነው ይቺን ከጓዳ ያወጧት። የፓንክ ወዳጆቹ ግን ከዳችሁን ብለው አኮረፉ፣ ከበሮ መቺው ክሌም በርክ ራሱ መጀመሪያ መድረክ ላይ አልመታም ብሎ ነበር፣ አንደኛ ስትሆን መታ እንጂ ምን ያደርጋል ሃሃ።

ኢርፎን አድርገህ መጀመሪያዋን ስማ፣ ያ ጠክ ጠክ የሚለው ሰው አይደለም፣ ሮላንድ ሲአር-78 የሚባል የከበሮ ማሽን ነው። ክሌም በእሱ ላይ ነው የመታው፣ እሱንም ቢሆን በአንዴ አይደለም፣ የእግር ከበሮውን ለብቻ ነው የቀረጹት፣ ክራፍትወርክ የሚባለውን የጀርመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ስለሚወዱ እንደ ማሽን እንዲሆን ፈልገው። ከዛ መሃል ላይ የዘፋኟ የዴቢ ሃሪ ድምፅ ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻ ሲቀር በጣትህ ቁጠር፣ አራት ከቆጠርክ በኋላ ሁለተኛው ዙር ላይ ሦስት ብቻ ታገኛለህ፣ አንድ ምት ትጎድላለች። ዲስኮ ላይ እንዲህ አይደረግም፣ የሚጨፍረው ሰው እግሩ ይጠፋበታላ! ለብር ብቻ የሚሰራ ሰው ይቺን ተንኮል አይከታትም ባይ ነኝ።

ዴሞውም በኋላ ታትሟል፣ ፈልገህ አጎትህን አስደምጠውና ምን እንዳለ ጻፍልን።