ስለ ጉዲፈቻና ቤተሰብ ፍለጋ ጠይቁኝ (ከጎንደር)

የውጭ አገር ጉዲፈቻ ክፍት በነበረበት ጊዜ ጎንደር ለሚመጡ አሳዳጊ ቤተሰቦች አስተርጓሚ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ያኔ የሄዱት ልጆች አድገው ሲመጡ አብሬያቸው ወላጅ ፍለጋ እዞራለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጋሼ፣ ፈረንጆች አሁንም መጥተው ልጅ መውሰድ ይችላሉ? አንድ ሰውዬ «እኔ አመቻቻለሁ» እያለ ነው። (ከቸቸላ)

አይችሉም። ሂደቱ በሚያዝያ 2009 ቆመ። ጥር 2010 ላይ ደግሞ ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጎች ዘጋው፤ አዋጅ ቁጥር 1070 ነው። ሰውየው እየዋሻችሁ ነው። አንድ ብር እንዳትሰጡት፣ የልጁንም የልደት ካርድ እንዳታሳዩት። ለፖሊስ ተናገሩ።

ያኔ እነዚያ ቤተሰቦች ስንት ጊዜ ይቆዩ ነበር? ፒያሳ ሕፃን አቅፈው ሲሄዱ እናያቸው ነበር። (ከአራዳ)

ዋናው ጉዳይ የሚያልቀው አዲስ አበባ ነበር፣ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። ከግንቦት 2002 ጀምሮ ዳኛው ፊት በአካል መቅረብ ግዴታ ስለሆነ አሜሪካኖቹ ሁለቴ ይመላለሱ ነበር። መጀመሪያ መጥተው ልጁን ያያሉ፣ ችሎት ይቀርባሉ፣ ከዚያ ልጁን እዚሁ ትተው ይመለሳሉ። ቪዛው ሲደርስ ደግሞ እንደገና። ያቀፉትን ልጅ አስቀምጦ አውሮፕላን መሳፈር ቀላል አይደለም፣ አልቅሰው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ጎንደር ድረስ የሚመጡት ጊዜና አቅም ያላቸው ነበሩ። አብዛኞቹ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ይጎበኙና ለወላጅ ቤተሰብ የሚተርፋቸው አንድ ከሰዓት ነው። ይኼ እስካሁን ይቆጨኛል። ምክንያቱም ያ ቆይታ የልጁን ታሪክ ከባለቤቶቹ አፍ ለመስማት አንዱና ብቸኛው ዕድል ነበር፣ ፋይል ውስጥ የገባው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

አንዲት አሳዳጊ እናት ግን አልረሳትም። የልጁ አያት ቤት መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ደብተር አወጣች። የልጁን የአባት አባት፣ የክርስትና ስሙን፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተጠመቀ፣ ክርስትና ያነሳው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀች። እማማ መጀመሪያ ቆጠብ ብለው ነበር። ቡናው በረካ ሲደርስ ግን ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ። እሷ በራሷ ፊደል ትጽፋለች፣ እኔ ከጎኑ በአማርኛ እጽፋለሁ። ስትወጣ የበሩን ፎቶ አነሳች፣ ከዋናው መንገድ የሚገነጠለውንም። ልጁ አድጎ ሲመጣ ማንንም መጠየቅ ሳያስፈልገን በቀጥታ እዚያ በር ደረስን።

ባለቤቴ በሕፃንነቷ ከጎንደር በጉዲፈቻ የሄደች ናት። ፓስፖርቷ ላይ የአባት ስም ተብሎ የተጻፈው የአሳዳጊዋ ነው። ከየት እንጀምር? (ከሚኒያፖሊስ)

ፓስፖርቱን ተወው። ከፍርድ ቤት ውሳኔውና ከጉዲፈቻ ውሉ ጀምሩ፣ የቀድሞ ስሟና ልጅቷን የሰጠው ሰው ስም እዚያ ላይ ይገኛል። ዕድሜዋን አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው፣ ዘመኑም ከእኛ ወደ እነሱ ሲገለበጥ ይሳሳታል። ቀበሌ ስሙም ወሰኑም ተቀያይሯል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን መሄድ ይሻላል። የአርባ አራቱ ታቦት አገር ነውና የየትኛው ደብር አካባቢ እንደሆነች ካወቃችሁ ፍለጋው በግማሽ ቀለለ ማለት ነው። ቄሶቹን፣ የንስሐ አባቶችን፣ የዕድር ዳኛውን ጠይቁ። ሙሉ ታሪኳን ከነፎቶዋ አደባባይ አታውጡ፣ «እናትሽ እኔ ነኝ» የሚል ይበዛል። ሰው ከተገኘ ገንዘብ ከመነሳቱ በፊት የዲኤንኤ ምርመራ ይቅደም።

ልጄን በ2001 ሰጠሁ። ፎቶ ይልካሉ ተብዬ ነበር፣ ምንም አልመጣም። ሕጉ እናትነቴን ሰርዞታል? (ከአዘዞ፣ ልጃቸው ጽፋላቸው)

እማማ፣ በእኛ ሕግ አልተሰረዘም። የቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ የሄደ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይናገራል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ነው የአሳዳጊው የሚበልጠው። በሄደበት አገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የወላጅ መብት ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ለእርስዎና ለብዙ እናቶች የተነገራችሁ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሳይነግሩ ማስፈረም ግፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ማድረግ የሚችሉት አለ። አሳዳጊዎች ስለ ልጁ ሪፖርት ከነፎቶው ለሚኒስቴሩ እንዲልኩ ይጠበቅ ነበር፣ እስከ 18 ዓመቱ። እርስዎ እጅ ባይደርስም አዲስ አበባ፣ አሁን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚባለው መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል። በዞኑ ሴቶችና ሕፃናት መምሪያ በኩል በጽሑፍ ይጠይቁ። ስልክ ቁጥርዎንም ያስመዝግቡ፣ ሲቀይሩ ደግሞ ሄደው ያሳውቁ። ልጅዎ አንድ ቀን ፈልጎ ሊመጣ ይችላል።

ግሪን ካርድ አለኝ። የሟች እህቴን ልጅ በጉዲፈቻ ይዤ ልምጣ? (ከሜሪላንድ)

እህቴ፣ የጉዲፈቻ ወረቀት ብቻውን ቪዛ አያስገኝም። የአሜሪካ ሕግ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ጉዲፈቻው እንዲጸድቅ፣ በተጨማሪም ሁለት ዓመት በአሳዳጊነትሽ ሥር ሆኖ አብሮሽ የኖረ እንዲሆን ይፈልጋል። ብር እየላክሽ ማሳደግ አብሮ መኖር አይባልም። ስለዚህ እዚህ መኖር ሊኖርብሽ ነው። ከዓመት በላይ ከቆየሽ ደግሞ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሳትወጪ እዚያው ሆነሽ የመመለሻ ፈቃድ አመልክቺ፣ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ዜግነት ከቀየርሽ በእኛ ሕግ የውጭ ዜጋ ነሽ፣ ክልከላው ይመለከትሻል። ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ።

አሳዳጊዎች ከልጃቸው ጋር ሊጎበኙን ነው። መቼ ቢመጡ ይሻላል?

የጥምቀት ሰሞን አይሁን። ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል፣ ቤተሰቡም በዓል ላይ ነው። ባረፉበት ቀን አታገናኟቸው፣ ልጁ ይደር። ከተገናኙ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ይቆዩ፤ የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ነው፣ ወሬው የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ከከተማ የምትወጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት አጣሩ።

ባለቤቴና እኔ እዚሁ ጎንደር ልጅ ልንወስድ ነው። እንዳያውቅ ሰፈር እንቀይር? (ከማራኪ)

እሰይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ሰፈር አትቀይሩ። ከሕፃንነቱ ጀምራችሁ ንገሩት፣ ከጎረቤት እንዳይሰማ። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ አጽድቁት። ውሳኔው ሲወጣ ኮፒውን ለሌላ የምታምኑት ዘመድ ስጡ፣ የወለዱትን ሰዎች ስምም ከጀርባው ጻፉበት።