ቲነሩ ይቀጣጠላል ወይስ አይቀጣጠልም?

እህቴ፣ ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጅሽ «በእንግሊዝኛ ቃላት ፊት የሚቀጠሉት አን፣ ኢን፣ ዲስ፣ ሚስ ሁሉም ‹አይደለም› ማለት ናቸው» ተብላ መማሯን ጽፈሽ፣ ልክ ነው ወይ ብለሻል። ግማሹ ልክ ነው። በሌላኛው ግማሽ እኔ ከሥራ ልባረር ነበር።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቀለም መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። አንድ ቀን የቲነር (የቀለም ማቅጠኛ) በርሜሎች ገቡ። ላያቸው ላይ «ኢንፍላመብል» ይላል። ፍሌም ነበልባል፣ ኢን ደግሞ ‹አይ›፤ በቃ አይቀጣጠልም ማለት ነው አልኩና ብየዳ የሚሠራበት ጥግ አስደረደርኳቸው። በያጁ ሽታው ሲመታው መሣሪያውን ጥሎ እየጮኸ መጣ። የወረደብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ለካ ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ያ «ኢን» የሚያፈርስ ሳይሆን ‹ውስጥ› የሚለው ነው። ትርጉሙ ‹እሳት የሚይዝ›። «ፍላመብል»ም ያው ነው። የማይቀጣጠለው «ነንፍላመብል» ይባላል። «ኢንቫሉዌብል»ም ዋጋ ቢስ ማለት አይደለም፤ ዋጋ የማይተመንለት ነው።

«አን» ደግሞ ሁለት ሥራ አለው። «አንሃፒ» ደስተኛ ያልሆነ ነው። በሩን «አንሎክ» አደረገ ሲባል ግን አልቆለፈም ማለት አይደለም፤ የተቆለፈውን ከፈተ ነው። ብዙ ልጅ ፈተና ላይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «ሚስ» ስህተትን ይናገራል። «ሚስአንደርስታንድ» ያደረገ ሰው ነገሩ ገብቶታል፣ ግን ተጣሞ ነው የገባው። «ዲስላይክ»ም አለመውደድ ብቻ ሳይሆን መጥላት ነው።

«ኢምፖሲብል» (የማይቻል)፣ «ኢሊጋል» (ሕገ ወጥ)፣ «ኢሬጉላር» (መደበኛ ያልሆነ) ላይ ያሉት ያው የሚያፈርሰው «ኢን» ናቸው፤ ምላስ እንዲቀናው ከሚከተለው ድምፅ ጋር ተመሳስለው ነው።

በአማርኛው ብትጀምሩ ይቀልላል። «ኢፍትሃዊ» የሚለውን ታውቃለች፤ ፊቱ ያለው «ኢ» ‹ያልሆነ› ማለት ነው። ጤና ጣቢያ በር ላይ «ቅድመ ወሊድ» የሚል አይታ ይሆናል፤ «ቅድመ» በእንግሊዝኛው «ፕሪ» ነው። «ድህረ ምረቃ» ላይ ያለው «ድህረ» ደግሞ «ፖስት»። ከዚያ ቅጥያውን ቆርጣ የቀረው ብቻውን ይቆም እንደሆነ ትይ። «አንክል» ላይ «አን»ን ብትቆርጥ «ክል» የሚባል ነገር የለም፤ አጎት ነው፣ አለቀ።

ለ«ኢንፍላመብል» ግን ይህም ዘዴ አይሠራም፤ «ኢን» ቢቆረጥም «ፍላመብል» ብቻውን ይቆማላ። እሱን በቃሏ ትያዘው።